ታናሽ ወንድሜ የፉትቦል አሰልጣኝ ልሁን አለ፤ መንገዱን የምታውቁ ንገሩን

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ የቤታችን ጉዳይ ሆኖብኝ ነው።

የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ስድስት ዓመቱ ነበር። አሁን 22 ሞልቶታል። ያደገው ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ቀይ ለብሶ ወደ ኦሃዮ ስቴት ስታዲየም በሚጎርፍበት አገር ነው። ከ100 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው። እዚያ አጠገብ ያደገ ልጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቢወድ አይፈረድበትም። ራሱም በአንድ ትንሽ ኮሌጅ አራት ዓመት ተጫውቷል። በግንቦት በአካውንቲንግ ተመረቀ። አባታችን የምረቃውን ፎቶ ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው።

በሳምንቱ ልጁ ራት ላይ ወሬ አመጣ። አካውንታንት መሆን አይፈልግም። አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ግራጁዌት አሲስታንት፣ በአጭሩ ጂኤ፣ አድርጎ ሊወስደው ጠይቆታል። ማስተርሱን በነፃ ይማራል፤ ጎን ለጎን ከአሰልጣኞቹ ጋር ይሠራል። በወር የሚሰጡት ገንዘብ ግን የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። አባቴ እጁን ታጥቦ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝነት እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነው ወይስ የልጅነት ምኞት? ከየት ተነስቶ የት ይደረሳል? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?

በሦስት ቀን 24 መልስ መጣ። አባቴ ስልክ ላይ ረጅም ነገር ሲያነብ ዓይኑን ያመዋል። ስለዚህ የሁሉንም ሐሳብ በራሴ አባባል ጽፌ አተምኩለት። እዚህ የምለጥፈው ለሌላም ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

መጀመሪያ የመጣው የአንድ ትልቅ ሰው መልስ ነው። ለምረቃው እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ጀመሩ። ምክራቸው ልጁ በቅድሚያ የሲፒኤ ፈተናውን፣ የአካውንታንት ፈቃድ የሚያስገኘውን፣ እንዲጨርስ ነው። ወረቀቱን ከያዘ በኋላ የፈለገውን ቢሞክር የሚወድቅበት ምንጣፍ አለው። የጤና ኢንሹራንስ ይሰጡት እንደሆነም ጠየቁ። እኔ ይህን ጨርሶ አላሰብኩበትም ነበር። ጠይቄ ተረዳሁ፤ እስከ 26 ዓመቱ በአባታችን ኢንሹራንስ ይቆያል።

መልስ 2

ይኼኛው ነገሩን ከውስጥ የሚያውቅ ይመስላል። መሰላሉን ከታች ጀምሮ አስረዳ። መጀመሪያ ጂኤ ነው። ቀጥሎ የአንድ ቦታ ተጫዋቾችን ብቻ የሚያሠለጥን ረዳት ይኮናል፤ ለምሳሌ የላይንባከሮች አሰልጣኝ። ከዚያ የኦፌንሱ (የማጥቃቱ) ወይም የዲፌንሱ (የመከላከሉ) ሁሉ ኃላፊ፣ ኮኦርዲኔተር የሚሉት ይመጣል። መጨረሻው ዋና አሰልጣኝ ነው።

ችግሩ መሰላሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ኮሌጆቹ በደረጃ ተከፋፍለዋል፤ ዲቪዥን 1 አለ፣ 2 አለ፣ 3 አለ፣ ኤንኤአይኤ የሚባል የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበርም አለ። ሰው በማዕረግ ከፍ ለማለት ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ዝቅ ይላል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ረዳት የነበረው ኮኦርዲኔተር ለመሆን ስሙ ወደማይታወቅ ኮሌጅ ይሄዳል። እዚያ ውጤት ካመጣ ይመለሳል። ካላመጣ እዚያው ይቀራል። ቅጥሩም በማስታወቂያ ብቻ አይደለም። በየጥር ወሩ የአሰልጣኞች ማኅበር ትልቅ ስብሰባ ያደርጋል። ወጣቶቹ በሆቴሉ ሎቢ ቆመው የሚያውቃቸውን ሰው ይጠብቃሉ። ይኼ ሰው እንዳለው በዚህ ሙያ ስልክ የሚደውልልህ ሰው ከሲቪ ይበልጣል።

መልስ 3

ዴይተን የሚኖር የእኛው ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ጂኤ ነበር። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልጻፈም። ጠዋት 11 ሰዓት ቢሮ ይገባል። የተጋጣሚውን ቪዲዮ ጨዋታ በጨዋታ ቆርጦ ያዘጋጃል። ልምምድ ላይ ተጋጣሚውን መስለው ለሚጫወቱት ልጆች ካርድ ላይ አሰላለፉን ይሥላል። ለምልመላ የሚመጡ ተማሪዎችን ከነወላጆቻቸው ከኤርፖርት ያመጣል። ማታ 5 ሰዓት ሲወጣ ገና የማስተርስ የቤት ሥራው ይጠብቀዋል። ቤቱ ሩቅ ስለነበር ብዙ ሌሊት ቢሮው ወለል ላይ ተኝቷል። በሁለት ዓመቱ የሚደውልለት ሰው ስላልነበረ ወጣ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ያሠለጥናል። አልቆጨኝም ባይ ነው። ስለ ሰው ያወቅኩትን ብዙውን ነገር እዚያ ወለል ላይ ተምሬዋለሁ ይላል።

አባቴ ይኼን ሁለት ጊዜ አነበበው።

መልስ 4 እና 5

አጫጭር ናቸው። 4 ልጁ ለምን በቀጥታ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ እንደማይሄድ ጠየቀ። 5 መለሰለት፤ እዚያም ቢሆን የሚጀመረው ቪዲዮ በመቁረጥ ነው። ጨመር አድርጎ ከሁለተኛ ደረጃ የሚነሳ መንገድ እንዳለ ነገረን። ገስ ማልዛን አርካንሶ ውስጥ ለዓመታት የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኝ ነበር። በ2006 ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2013 ኦበርንን ይዞ ለብሔራዊው ሻምፒዮና ፍጻሜ በቃ።

መልስ 6

ረጅም ነው፤ እኔ በጣም የወደድኩትም እሱን ነው። የዝነኛውን የኮሌጅ አሰልጣኝ የኒክ ሳባንን መንገድ ከተማ በከተማ ዘረዘረው።

ሳባን የዌስት ቨርጂኒያ ልጅ ነው። አባቱ ቤንዚን ማደያ ነበራቸው። ኬንት ስቴት ተጫወተ። ሲጨርስ አሰልጣኝ የመሆን ሐሳብ አልነበረውም። ሚስቱ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ይቀራት ስለነበር እሷን እየጠበቀ እያለ አሰልጣኙ ዶን ጄምስ ጂኤ ሁንልኝ አለው። ይኼ በ1973 ነው። ከዚያ ሲራኪዩስ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ኔቪ፣ ሚሺጋን ስቴት፣ ቀጥሎ ወደ ኤንኤፍኤል ሂዩስተን። ኦሃዮ ስቴት ሁለት ዓመት ሠርቶ ተሰናበተ። አዎ፣ እዚሁ እኛ ከተማ ተባርሯል። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ1990 ቶሊዶ ነው። ከጂኤነቱ 17 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እዚያም አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ተመልሶ ረዳት ሆነ፤ ክሊቭላንድ፣ ከቢል ቤሊቼክ ሥር። ቀጥሎ የሚሺጋን ስቴት ዋና አሰልጣኝ፣ ከዚያ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት)፣ ከዚያ የኤንኤፍኤሉ ማያሚ ዶልፊንስ፣ ከዚያ በ2007 አላባማ። አላባማ ላይ ስድስት ዋንጫ በልቶ በጥር 2024 ጡረታ ወጣ።

የመልሱ ጸሐፊ ነጥብ ይህ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ሰው 17 ዓመት ሙሉ ማንም አያውቀውም ነበር።

መልስ 7

ይኼ እርማት ነው፤ ትንሽ ቆጣ ያለ። 6 የቆጠረው የአላባማውን ብቻ ነው፤ በ2003 ኤልኤስዩ ላይ ያገኘው ሲጨመር ዋንጫው ሰባት ነው። ደግሞም አንድ ሳባን እያሳዩ ልጅ ማጓጓት ደስ አላለውም። ሳባን በጀመረበት ዓመት ስንት ሺህ ጂኤ እንደነበረና የት እንደቀሩ ማን ይነግረናል ሲል ጠየቀ። በዚያ ላይ ሰውየው በታኅሣሥ 2006 አላባማ አልሄድም ብሎ ለጋዜጠኞች ተናግሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ መሄዱን አስታወሰን። በዚህ ሙያ ቃል ዋጋ እንደሌለው ልጁ ከአሁኑ ይወቀው አለ።

ከባድ አነጋገር ነው። ግን ያነሳውን ጥያቄ ማለፍ አልቻልኩም። ክሩ እስኪያልቅ አብሮኝ ቆየ።

መልስ 8

ከሲያትል ነው። አባቴ ይኼን ሲያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ጸሐፊዋ ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን እንደማይገባ ነገረችን። አገራችን የቆሎ ተማሪ አለ። ከቤተሰቡ ርቆ ይሄዳል። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እየለመነ ይማራል። ውሻ ይነክሰዋል። ጎጆው ውስጥ ብርድ ይጫወትበታል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል። አንዱን ትምህርት ሲጨርስ ሌላ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል። ቅኔውን ጎጃም፣ አቋቋሙን ጎንደር። በመጨረሻ ሰው ሲያገኘው ከየትኛው ትምህርት ቤት ተመረቅህ አይለውም፤ የማን ተማሪ ነህ ነው የሚለው።

የአሰልጣኞቹም ጥያቄ ይኸው ነው አለች። ከማን ሥር ሠራህ? ከርቢ ስማርት ጆርጂያን በ2021 እና በ2022 ሻምፒዮን ያደረገው ከሳባን ሥር አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ነው። አሜሪካኖቹ ይኼን የአሰልጣኝ ዛፍ ይሉታል። እኛ የመምህር ሐረግ እንለዋለን።

መልስ 9

መልስ 8ን የሚያርም ሰው መጣ። ራሱ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ ነው። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ይኖራል። በአክብሮት ነው የጻፈው። ቅኔን ጎጃም ብሎ ማለፍ ስለማይበቃ ዋሸራንና ጎንጅን ጠቀሰ። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ መሄድ ግድ እንደሆነም ጨመረ። ምሳሌውን ግን በግማሽ ብቻ ተቀበለው። የኔታ ተማሪዎቹ በአንድ ቅዳሜ ስለተሸነፉ ከደብሩ አይባረሩም። የቆሎ ተማሪም ሲዞር ሚስትና ልጅ አያዞርም። የአሰልጣኙ ሸክም ያ ነው።

መልስ 10

ከዚሁ ከኦሃዮ ነው፤ ኩራት አለበት። ኦክስፎርድ፣ ኦሃዮ ያለው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ የአሰልጣኞች መዋለ ሕፃናት እንደሚባል ጻፈ። በጥሬው የአሰልጣኞች አልጋ ነው የሚሉት፤ ሕፃን የሚተኛበት። ዉዲ ሄይስ፣ አራ ፓርሴጊያን፣ ቦ ሼምቤክለር ሁሉም እዚያ ዋና አሰልጣኝ ነበሩ። ሼምቤክለር ደግሞ በፊት ኦሃዮ ስቴት የሄይስ ጂኤ ነበር። በኋላ ሚሺጋን ሄዶ ለአስተማሪው ዋና ባላንጣ ሆነበት።

ከዚያ የቅርቡን አመጣ። ራያን ዴይ ኒው ሃምፕሸር ሲማር ኳርተርባክ፣ ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች፣ ነበር፤ ኦፌንሱን የሚመራው አሰልጣኝ ቺፕ ኬሊ ነበር። ዴይ ቦስተን ኮሌጅ ጂኤ ሆነ። በኋላም ከኬሊ ሥር በኤንኤፍኤል ሠራ። በ2019 የኦሃዮ ስቴት ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2024 ኬሊ የዩሲኤልኤን ዋና አሰልጣኝነት ትቶ መጣና ከቀድሞ ተማሪው ሥር ኮኦርዲኔተር ሆኖ ተቀጠረ። በጥር 2025 አብረው ዋንጫውን አነሱ። አስተማሪ ለተማሪው ሲታዘዝ ማየት እኛ ባህል ውስጥ ብዙም አልተለመደም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

መልስ 11

ይህችን እህት ማመስገን እፈልጋለሁ። ባለቤቷ ረዳት አሰልጣኝ ነው። በዘጠኝ ዓመት አምስት ቤት፣ አራት ስቴት ቀይረዋል። ትልቋ ልጅ ሦስት ትምህርት ቤት አይታለች፤ አሁን አዲስ ጓደኛ መያዝ ትታለች። ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቶቹ አብረው እንደሚሄዱ ጻፈች። አንድ ኅዳር ግሮሰሪ ውስጥ ቆማ ሽንኩርት እየመረጠች ስልኳ ላይ ዜናውን አየች። ባለቤቷ ገና አልሰማም ነበር። የነገረችው እሷ ናት። ቤት የገዙት ከዚያ በፊት ስምንት ወር ነበር።

ልጁን ተው በሉት አላለችም። ሐሙስ ማታ ከአሥር የማያንሱ ተጫዋቾች ቤቷ ይመጣሉ። ዶሮ ወጥ በእንጀራ ይበላሉ። ከእነሱ ውስጥ እናቱ የሞተችበት አንድ ልጅ ነበር፤ ተመርቆ ከሄደ በኋላም የእናቶች ቀን ሲደርስ ለእሷ ይደውላል። ወንድሜ ሳያገባ የሚጀምር ከሆነ፣ በኋላ የሚያገባት ሴት ይኼን ሁሉ አውቃ እንድትገባ አደራ አለች። እሷ ራሷ ሳይነገራት የገባች ሴት ናት።

እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ ሴትየዋ የት እንደምትኖር ጠየቀችኝ።

መልስ 12

መልስ 11ን ደግፎ ስለ መባረር ጻፈ። ዳቦ ስዊኒ አላባማ ረዳት ነበር። በ2000 መጨረሻ ከነባልደረቦቹ ተሰናበተ። ሁለት ዓመት ያህል ከፉትቦል ወጥቶ የንግድ ሕንፃ ሥራ ውስጥ ገባ። በ2003 የቀድሞ አሰልጣኙ ቶሚ ባውደን ክሌምሰን ወሰደው። በ2008 ወቅቱ ሲጋመስ ባውደን ሲለቅ ቡድኑ በጊዜያዊነት ለእሱ ተሰጠ። በ2016 እና በ2018 ዋንጫ አነሳ። ሌላው ሌን ኪፊን ነው፤ በ2013 ዩኤስሲ (ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ከሽንፈት ሲመለስ ሌሊት ኤርፖርት ላይ አሰናበተው። በጥር 2014 ሳባን ቀጠረው። ይኼ ሙያ የወደቀን ሰው መልሶ ማንሳትም ያውቃል።

መልስ 13 እስከ 16

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ።

13 የገንዘቡን ጉዳይ አነሳ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኅዳር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ለማሰናበት ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር የውል ማፍረሻ ገባ። አንድ ሰው ሥራ እንዳይሠራ ይህን ያህል የሚከፍል ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም አይደለም ብሎ ተቆጣ። ወንድሜም ከዚህ ዓለም ቢርቅ እንደሚሻለው ጻፈ። 14 በሹል ቃል መለሰለት። ገንዘቡ ከቴክሳስ ግብር ከፋይ ሳይሆን ከስፖርት ክፍሉ ገቢና ከለጋሾች ነው፤ ሳያነቡ መጮህ ይቁም አለ። 15 ሁለቱንም አላለፋቸውም። ትልልቆቹ ራሳቸውን ይችሉ ይሆናል። ትንንሾቹ ግን ስፖርቱን የሚደጉሙት ከተማሪዎች በሚሰበስቡት ክፍያ ነው። የልጁን የትምህርት ክፍያ ደረሰኝ አውጥቶ አይቶታል። 16 ላይ 14 ተመልሶ መጣና ወደ ስድብ ገባ። አንዱን ቃል የመድረኩ ኃላፊ አጠፋው።

እኔም ገብቼ አረጋግቻለሁ። የጠየቅኩት ስለ 22 ዓመት ልጅ ነው። በሚሊዮን የሚከፈለው ሰውና ወለል ላይ የሚተኛው ጂኤ በአንድ ስም ቢጠሩም ኑሯቸው አይገናኝም። ቢሆንም የ15ን ነገር ከልቤ ነው የተቀበልኩት። ወንድሜ ማስተርሱን በነፃ ሲማር ሌላ ተማሪ የሚከፍልበት ሊሆን ይችላል። ይኼን ማወቅ አለበት።

መልስ 17

ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ነው። ማንም ያላነሳውን አነሳ፤ ልጁ ጥቁር ነው። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ጥቁር ናቸው። በዋና አሰልጣኝ ወንበር ላይ ግን ጥቂት ናቸው። በትልቁ ዲቪዥን የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ዊሊ ጄፍሪስ ነው፤ በ1979፣ ዊቺታ ስቴት። ኤስኢሲ የሚባለው የደቡብ ሊግ የመጀመሪያውን እስኪቀጥር የ2003 መጨረሻ ደረሰ፤ ሲልቬስተር ክሩም፣ ሚሲሲፒ ስቴት። ኤዲ ሮቢንሰን ግራምብሊንግ ላይ ከ1941 እስከ 1997 ቆይቶ 408 ጨዋታ አሸንፏል። ከትልልቆቹ ነጭ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱንም ሳያሠለጥን ጡረታ ወጣ።

መልስ 18 እና 19

18 ዘመኑ ተለውጧል፣ ሰበብ ለልጅ አታስተምሩት ብሎ መለሰ። 19 ደግሞ በጥር 2025 የሆነውን አስታወሰን። ኖትር ዳምን ይዞ ለፍጻሜ የደረሰው ማርከስ ፍሪማን ነው። ለዚያ ጨዋታ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ነው። የኦሃዮ ልጅ ነው፤ ኦሃዮ ስቴት ተጫውቷል። የልብ ሕመም ተገኝቶበት ጨዋታ ሲያቆም በ2010 እዚያው ጂኤ ሆነ። ከዚያ ኬንት ስቴት፣ ፐርዱ፣ ሲንሲናቲ። 19 ሁለቱም እውነት ነው ይላል። በሩ ተከፍቷል። ለመከፈቱ ግን 2025 ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ወንድሜ የፍሪማንን ፎቶ ከድሮም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እኔ እስከዚያ ቀን ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

መልስ 20

ክሩ እዚህ ላይ ትንሽ መንገድ ሳተ። አንድ አዛውንት ስለ እኛው እግር ኳስ ጻፉ። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው፣ አሠልጥነው፣ በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ይዘው፣ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። አሰልጣኝነትን የሚንቅ ሰው እሳቸውን ያስታውስ አሉ። ከሥሩ ሦስት አራት ሰዎች ስለ ጊዮርጊስና ስለ ቡና መከራከር ጀመሩ። እሱን አላተምኩትም።

መልስ 21

ከጀርመን ነው። እዚያም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ እንዳለ፣ ከአሜሪካ የሚመጡ አሰልጣኞችም እንዳሉ ጻፈ። ማይክ ሊችን አነሳ። ሊች በዩኒቨርሲቲ ፉትቦል አልተጫወተም፤ የሕግ ዲግሪ ነበረው። ጥብቅና ሳይገባ በ1987 በትንሽ ደመወዝ ማሠልጠን ጀመረ። በ1989 ፊንላንድ ሄዶ አሠልጥኗል። በኋላ ኤር ሬይድ የሚባለውን በቅብብል ላይ የቆመ ኦፌንስ ከሃል መሚ ጋር አሳደገ። ቴክሳስ ቴክን፣ ዋሺንግተን ስቴትን፣ ሚሲሲፒ ስቴትን መራ። በታኅሣሥ 2022 በ61 ዓመቱ አረፈ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ መጀመር ነውር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያመጣው። አባቴ የሕግ ዲግሪ ይዞ ጥብቅናውን ትቶ መሄዱን ሲያነብ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በመስማማት ይሁን በመገረም አላወቅኩም።

መልስ 22

የምወደው ሌላው መልስ ይህ ነው። ሁሉም ሰው ወደ ላይ መውጣት ብቻ ለምን ያወራል ብሎ ጠየቀ። ላሪ ኬረስ እዚሁ ኦሃዮ፣ አላያንስ ከተማ፣ ማውንት ዩኒየን ላይ ከ1986 እስከ 2012 አንድ ቦታ ቆየ። 11 ብሔራዊ ዋንጫ አነሳ፤ በ27 ዓመት የተሸነፈው 24 ጨዋታ ብቻ ነው። ይህ ዲቪዥን 3 ነው፤ ለስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት። ጆን ጋግሊያርዲ ሚኒሶታ፣ ሴንት ጆንስ ላይ እስከ 2012 ሠርቶ በ489 ድል ከሁሉም በላይ ነው። ማሠልጠን የጀመረው በ16 ዓመቱ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኙ ለጦርነት ስለተወሰደ። ልምምድ ላይ ፊሽካ አይነፋም፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እንዲጣጣሉ አይፈቅድም ነበር። እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን በአንድ ከተማ አሳደጉ።

ለመልስ 11 እህት ይኼን አንብቢ ብዬ ጻፍኩላት። ባለቤቷም የሚመኘው እንዲህ ያለውን ቦታ እንደሆነ መለሰችልኝ።

መልስ 23

የመልስ 2 ሰው ተመልሶ መጣ። ሥራው ራሱ እየተለወጠ እንደሆነ አስጠነቀቀ። ከ2018 ጀምሮ ተጫዋቾች ስማቸውን ፖርታል በሚባለው የዝውውር መዝገብ ውስጥ አስገብተው ዩኒቨርሲቲ ይቀይራሉ። ከ2021 ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ ያገኛሉ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ሊከፍሏቸው ይችላሉ። ቁጥር የሚያነብ፣ በጀት የሚያውቅ ሰው በየቡድኑ ይፈለጋል። የወንድሜ ዲግሪ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ2024 ደግሞ በትልቁ ዲቪዥን ሜዳ ላይ ማስተማር የሚችሉት ሰዎች ቁጥር ገደብ ተነሳ። ቪዲዮ ሲቆርጥ የነበረው ወጣት አሁን እዚያ ልጆቹን ራሱ ማስተማር ይችላል።

ከዚያ ለመልስ 7 ጥያቄ መልስ ሰጠ። የጠፉት ጂኤዎች የት ናቸው? ይኼን ለማወቅ ስለ መላው አገር ማሰብ አያስፈልግም። ወንድሜ የሚሄድበትን ዋና አሰልጣኝ ብቻ ይጠይቅ። ባለፉት ዓመታት ከእሱ ሥር ጂኤ የነበሩት ማን ማን ናቸው? አሁን የት ናቸው? ስልካቸውን ይስጠው። ስም መጥራት የሚያቅተው አሰልጣኝ ለልጁም ስልክ አይደውልለትም።

ይኼን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ጥያቄ አጥቤ ጻፍኩት። ሥራ ነው ወይስ ምኞት ብዬ ነበር የጠየቅኩት። መጠየቅ የነበረብኝ ከማን ሥር ሊገባ እንደሆነ ነው። ሲያትል ያለችው እህት በመልስ 8 ነግራኝ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም።

ወንድሜ በማግስቱ ደወለ። አሰልጣኙ አራት ስም ሰጠው። ሁለቱ ዛሬ በሌላ ኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝ ናቸው። አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። አራተኛው ሙያውን ትቶ ኢንሹራንስ ይሸጣል። አራቱም ስልክ አነሱ። ኢንሹራንስ የሚሸጠው ከሁሉም ረጅሙን አወራው፤ ለአንድ ሰዓት። አባቴ ሳሎን ሆኖ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሰማ ነበር። ስልኩ ሲያበቃ ገብቶ ያ ሰውዬ ምን እንዳለው ጠየቀው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነው።

መልስ 24

የዴይተኑ ልጅ ነው፣ መልስ 3። ወለል ላይ መተኛት ለጀርባ መጥፎ እንደሆነ ጻፈ። ተጣጥፎ ቢሮ ጥግ የሚቀመጥ ፍራሽ አለው፤ ያኔ ዘግይቶ የገዛው ነው። መጥተን እንድንወስድ ስልኩን በውስጥ መስመር ላከልኝ።

ልምምድ የሚጀመረው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ወንድሜ በሐምሌ መጨረሻ ይሄዳል። ፍራሹን ቅዳሜ እናመጣለን። መኪናውን የሚነዳው አባቴ ነው።